ካላዲየም ከእንቅልፉ አልነቃ ሲል

ቅጠሉ በየተራ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። ይሄ ችግር አይደለም፤ የጎደሬ ዘመድ የሆነው የጌጥ ተክል ካላዲየም በየዓመቱ ቅጠሉን ጥሎ ያርፋል። ችግሩ የመጣው ሊነቃ ሲገባው ነው። አፈር ውስጥ ቀብሬ ባጠጣው ምንም የለም። ድንች የሚመስለውን ስሩን አውጥቼ ሳየው ታቹ ላልቷል፣ ሲነኩት ይሟሟል፣ የበሰበሰ ድንች ይሸታል።

መጀመሪያ አፈሩን ቀየርኩ። ከዚያ አሸዋ ጨመርኩ። ቀረፋም ነስንሻለሁ፤ ሽታው አሪፍ ነበር፣ ስሩ ግን በሰበሰ። ውኃ መቀነሱ ብስባሴውን አዘገየው እንጂ ቡቃያ አላመጣም።

በመጨረሻ የኩሽና ቴርሞሜትር አፈሩ ላይ ሰካሁ። ጠዋት 16 ዲግሪ! ካላዲየም በደንብ ለመንቃት 21 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሞቀ አፈር ይፈልጋል። የአዲስ አበባ በረንዳ በኅዳር ይሄን ከየት ያመጣል?

የሠራልኝ ዘዴ ይሄ ነው። የላላውን ክፍል በንጹሕ ቢላ ቆርጬ ስሩን ጥላ ላይ አደረቅኩ። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሲጨመቅ ጠብታ የማይወጣው ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) አድርጌ፣ ዓይኑን፣ ማለትም ቡቃያ የሚወጣበትን ነጥብ፣ ወደ ላይ አዙሬ ቀበርኩት። ዕቃውን ፍሪጁ አናት ላይ፣ ሙቀት በሚወጣበት በኩል አስቀመጥኩ። 25 ዲግሪ ያዘ። ውኃ አልጨመርኩም። ሮዝ ሹል ቡቃያ ብቅ አለ፣ ከሥሩም ነጫጭ ክሮች። ወደ አበባ ዕቃ ያዛወርኩት ያኔ ነው።

ማባዛት ከፈለጋችሁ ዓይኖቹ ሲያብጡ ቁረጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ዓይን ይኑረው፣ ቁስሉ ሳይደርቅም አትትከሉት። ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ ያሳክካል።