ለጾም የሚሆን የአቮካዶ ቸኮሌት ዲዘርት

የቲቪ የምግብ ውድድር የምታዩ ሰዎች፣ ሼፎቹ ዲዘርት ላይ የሚያመጡት ነገር ገርሟችሁ አያውቅም? በፈረንጆቹ 2011 ቶፕ ሼፍ ኦል ስታርስን ያሸነፈው ሪቻርድ ብሌይስ ፋይናሉ ላይ የሰባ ጉበት አይስክሬም ነው ያቀረበው፣ ጉበት! ግን አስቡት፣ አይስክሬምን ለስላሳ የሚያደርገው ቅባት ነው፣ ያ ጉበት ደግሞ ቅባት በቅባት ነው፣ ስለዚህ ሰውየው ክሬሙን የሚያግዝ ሌላ ቅባት ነው ያገኘው ማለት ነው።

እኛ ጋ ይሄን ሥራ አቮካዶ ይሠራዋል፣ ፒያሳና አራት ኪሎ ጁስ ቤት አቮካዶ በስኳር እየጠጣን ስላደግን ጣዕሙም አዲስ አይሆንብንም፣ ወተትና ቅቤ ስለሌለው ደሞ ለጾም በጣም አሪፍ ነው።

በደንብ የበሰለ 2 አቮካዶ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ 4 ማንኪያ ስኳር በትንሽ ሙቅ ውሃ ሟሙቶ፣ ጥቂት የሎሚ ጠብታ፣ ከዛ ጨው በጣት ቆንጠር አድርጋችሁ ጨምሩ። ጨዋን እንዳትተዋት በናታችሁ፣ የካካዎውን ምሬት የምታለዝበው እሷ ነች። በጁስ መፍጫ እስኪልም ፍጩት፣ መብራት ከሌለ በሹካ አድቅቃችሁ በወንፊት አሳልፉት፣ ትንሽ ያለፋል ግን ይሆናል። ካካዎው ጣፋጭ የሌለው መሆኑን ፓኬቱ ላይ እዩ፣ ወተት የተቀላቀለበትም አለና ለጾም አይሆንም።

ፍሪጅ ውስጥ 1 ሰዓት አቆዩትና ከላዩ የተፈጨ ለውዝ በትኑበት። እዛው ቀን ብሉት፣ ሲያድር አቮካዶው ይጠቁራል።