የኤኤንኤ ውጤትና ሕመሙ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ

ኤኤንኤ የሚባለው ምርመራ የገዛ ራሳችንን የሴል አስኳል የሚያጠቁ አንቲቦዲዎች (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖች) በደም ውስጥ መኖራቸውን ያሳያል። ሉፐስ (መከላከያው የራስን አካል የሚያጠቃበት)፣ ስክሌሮደርማ (ቆዳን የሚያደድር)፣ ሾግረን (አፍና ዓይንን የሚያደርቅ)ና መሰል የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ በሽታዎች ሲጠረጠሩ ይታዘዛል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ወረቀቱና ታማሚው የተለያየ ነገር ሲናገሩ ነው።

ችግር፦ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው፤ ሰውየው ግን ደህና ነው

ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ይነግርዎታል። 1:80 ማለት ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) 80 ጊዜ ቀጥኖም አንቲቦዲው በማይክሮስኮፕ ይታያል ማለት ነው። 1:40 ከጤነኞች ሩብ ያህሉ ላይ ይገኛል፤ 1:160 እንኳ ከ100 ጤነኞች በ5ቱ ገደማ ላይ አለ። የታይሮይድ ሕመም፣ ኢንፌክሽንና የዕድሜ መግፋትም ያመጡታል።

መፍትሄው ምርመራውን መደጋገም አይደለም። ምልክት ይፈለግ፦ ጠዋት ጠዋት የሚያብጥና የሚተሳሰር መገጣጠሚያ፣ ፀሐይ ሲነካው የሚብስ የፊት ሽፍታ፣ በብርድ ነጭ ከዚያም ሰማያዊ የሚሆን ጣት፣ የአፍና የዓይን ድርቀት፣ አረፋ የበዛበት ሽንት። አንዳቸውም ከሌሉና የሽንት ምርመራውም ንጹሕ ከሆነ መድኃኒት አያስፈልግም። አጥብቄ የምናገረው «ፖዘቲቭ» በምትባል በዚህች አንዲት ቃል ብቻ ሉፐስ ያዘኝ ብለው እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች ስላሉ ነው። አንቲቦዲው ከሕመሙ ዓመታት ቀድሞ ሊታይ ስለሚችል ግን ወረቀቱን አይጣሉት፤ ምልክት ከመጣ ይዘውት ይሂዱ።

ችግር፦ ውጤቱ ነጋቲቭ ነው፤ ሕመሙ ግን አለቀቀም

ከዚህ ምርመራ የሚያመልጡ አንቲቦዲዎች አሉ። አንቲ-ሮ አንዳንዴ አይታይም። የአንቲ-ጆ-1 ዒላማ ደግሞ ከአስኳሉ ውጭ፣ ሳይቶፕላዝሙ (አስኳሉን የከበበው የሴሉ ክፍል) ውስጥ ስለሆነ አንዳንድ ላቦራቶሪ ነጋቲቭ ብሎ ያልፈዋል። ደረጃ መውጣትና ከወንበር መነሳት ካቃተ፣ ደረቅ ሳልም ከታከለበት፣ አንቲ-ጆ-1 በስሙ ይታዘዝ። ድርቀት ከበረታ አንቲ-ሮ።

ችግር፦ ፖዘቲቭም ነው፣ ሕመምም አለ፤ የበሽታው ስም ግን አልታወቀም

ኤኤንኤ ብቻውን ስም አይሰጥም፤ የተለዩት አንቲቦዲዎች ይታዩ። ፀረ ዲኤንኤና አንቲ-ስሚዝ ወደ ሉፐስ ያመለክታሉ። አንቲ-ስሚዝ ጠፋ ማለት ሉፐስ የለም ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ የሉፐስ ታማሚዎች የላቸውም። ጣቱ በብርድ ለሚነጣና ስክሌሮደርማ ለሚጠረጠርበት ሰው ደግሞ የትኛው አንቲቦዲ እንደተገኘ ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ አንቲ-ሴንትሮሜር ከተገኘ የሳንባ ደም ሥር ግፊት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ልብ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ አንቲ-ኤስሲኤል-70 ከተገኘ የሳንባ ጠባሳ በሲቲ ስካን ይፈለጋል፤ ፀረ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ 3 ከሆነ ኩላሊት በድንገት ሊጎዳ ስለሚችል የደም ግፊት ቶሎ ቶሎ ይለካል።

ችግር፦ መድኃኒት ከተጀመረ ከወራት በኋላ መገጣጠሚያ ታመመ

ሃይድራላዚን (የደም ግፊት)፣ ፕሮካይናማይድ (የልብ ምት) እና አይሶናያዚድ የተባሉት መድኃኒቶች ሉፐስ መሰል ሕመም ሊያስነሱ ይችላሉ፤ አንቲ-ሂስቶን አብሮ ይገኛል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲቀይረው ብዙውን ጊዜ ይሻላል። አይሶናያዚድ የቲቢ መድኃኒት ስለሆነ በራስዎ አያቁሙት።

ችግር፦ አንቲ-ሮ ያላት ሴት አረገዘች

ምንም ሳያማትም አንቲቦዲው በእንግዴ ልጁ አልፎ የፅንሱን የልብ ምት ሊያግድ ይችላል፤ ይህ ከ100 እርግዝና በ2ቱ ገደማ ይደርሳል። አደጋው የሚበረታው ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ነው። ለማዋለጃ ሐኪሟ ገና ከጅምሩ ትንገር፤ ለፅንሱ ልብ ክትትል ይደረጋል። ከዚህ በፊት ልቡ በዚህ የተጎዳ ልጅ ከወለደች ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን የሉፐስ መድኃኒት ከ10ኛው ሳምንት በፊት መጀመሩ አደጋው እንዳይደገም ይረዳል።