በጣሪያ ቀዳዳ ፀሐይን መለካት

ማድ ቤታችን ኮርኒስ የለውም። ቆርቆሮው ላይ ሚስማሩ የወለቀ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ክረምት ሲገባ ከሥሩ ሳፋ እናስቀምጣለን፣ በበጋ ደግሞ ወለሉ ላይ ክብ ብርሃን ይጥልልናል። ባለቤቴ መድፈኛ ሬንጅ ገዝታ ካመጣች ሁለት ዓመት አለፈ። "ቆይ እስቲ፣ ለልጆቹ አንድ ነገር ላሳይበት" እያልኩ አቆየኋት። ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ 26 ዓመቴ ነው፤ የብርሃን ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የምፈልገው ዕቃ ቤተ ሙከራው ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ቀዳዳው ግን አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ነጭ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ሲባጎና የልብስ ሰፊ ሜትር አዘጋጁ። ቤታችሁ ኮርኒስ ካለው ካርቶን በሚስማር በስታችሁ ግቢ ውስጥ መሥራት ይቻላል። አንድ አደራ አለኝ፦ በቀዳዳው በኩል ወደ ፀሐይ እንዳታዩ። የምናየው ወረቀቱን ብቻ ነው።

ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ከፍ ስትል በሩን ዝጉ፣ መስኮቱ ላይ ጋቢ ስቀሉ፣ ትንሽ ዕጣን አጭሱ። ከጣሪያ እስከ ወለል የተወጠረ ነጭ ዘንግ ብቅ ይላል። ዕጣኑ ከመጨሱ በፊትም ብርሃኑ እዚያው ነበር፤ ነገር ግን መንገዱን ይዞ ስለሚያልፍ ከጎን ለቆመ ሰው ዓይን አይደርስም። ከመንገዱ አውጥቶ ወደ እኛ የበተነው ጢሱ ነው። ዘንጉ የትም ቦታ እንደማይጎብጥ ልብ በሉ፤ የቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

አሁን ወለሉ ላይ ያለውን ክብ በወረቀት ተቀበሉት። ተማሪዎቼን "ለምን ክብ ሆነ?" ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ቀዳዳው ክብ ነዋ!" እዚህ ላይ አልቸኩልም። ሰፊ ካርቶን መሐል ላይ ጎኑ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን በምላጭ አስቆርጣቸዋለሁ። ውጭ ወጥተን ወረቀቱን መሬት ላይ እናነጥፍና ካርቶኑን አራት ጣት ያህል ብቻ ከፍ አድርገን እንይዘዋለን። ወረቀቱ ላይ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ከዚያ አንዱ ልጅ በርጩማ ላይ ቆሞ ካርቶኑን ቀስ እያለ ወደ ላይ ያነሳዋል። ጫፎቹ ይደበዝዛሉ፣ ይድቦለቦላሉ፤ ሁለት ሜትር አካባቢ ሲደርስ ሦስት ማዕዘኑ ጠፍቶ ክብ ይቀራል። አንዲት ልጅ ይህን አይታ ካርቶኑን ከልጁ እጅ ነጠቀችና ቀዳዳውን በጣቷ ዳበሰችው። የቀየርኩት መስሏት ነው።

ያ ክብ የፀሐይዋ የራሷ ምስል ነው። ከእያንዳንዱ የፀሐይ ነጥብ የሚመጣ ጨረር በቀዳዳው ሾልኮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከላይኛው ጠርዝ የመጣው ታች፣ ከቀኝ የመጣው ግራ ያርፋል። ወረቀቱ ሲቀርብ ጨረሮቹ ገና ስላልተራራቁ የቀዳዳውን ቅርጽ እናያለን፤ ሲርቅ ይዘረጉና ፀሐይን ይሥሏታል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ማለዳ፣ ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ ላሊበላ ላይ ቀለበት ስታደርጋት፣ እኛ ደሴ ሆነን የሁለት እጃችንን ጣቶች እንደ ወንፊት አጠላለፍን። ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን ሁሉ ማጭድ ማጭድ መሰለ።

ወደ ልኬቱ እንግባ። ክቡ እንቁላል ከመሰለ ወረቀቱን ወደ ጨረሩ ዘንበል እያደረጋችሁ አስተካክሉት፣ ከዚያ ስፋቱን ያዙ። ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት ዘንጉን ተከትላችሁ በሲባጎ ለኩ። የእኔ ክብ 29 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ነበር። ቀዳዳው ምስሉን በራሱ ስፋት ስለሚያሰፋው ስቀንሰው 26 ቀረኝ። ርቀቱ 2,700 ሚሊ ሜትር ነው። 26ን ለ2,700 አካፍላችሁ ፀሐይ ከእኛ ባላት ርቀት፣ በ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ስታባዙት 1 ሚሊዮን 444 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ትክክለኛው የፀሐይ ስፋት 1 ሚሊዮን 392 ሺህ አካባቢ ነው። ማስመሪያ ላይ አንዲት ሚሊ ሜትር ብስት ፀሐይ ላይ አራት ምድር ጨመርኩባት! እንዲያም ሆኖ ለሬንጅ ለታጨ ቀዳዳ አያንስም።

ሳትነሱ ክቡን ዙሪያውን በእርሳስ ክበቡትና ጠብቁ። ሁለት ደቂቃ አለፍ ሲል ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። የዞረችው ምድር ናት፣ ከነማድ ቤታችን። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ግን ከፀሐይ የተነሳው ከ8 ደቂቃ በፊት ነው፤ እናንተ ገና ዕጣን ስትፈልጉ መንገድ ላይ ነበር።

ጉልበት ከተረፋችሁ ፀሐይ ወደሚመታው መንገድ የሚያይ መስኮት ምረጡ። በካርቶን ድፈኑትና መሐሉን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብሱት፤ አንድ እርምጃ ገባ ብላችሁ ነጠላ ወጥሩ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ባጃጁ ተዘቅዝቆ፣ ከነሰማያዊ ቀለሙ፣ ነጠላው ላይ ያልፋል። ቀዳዳውን ስታጠብቡት ምስሉ ይጠራል፣ ግን ይጨልማል። ይህ ሁሉ ጨረር በአንዲት ቀዳዳ ሲተላለፍ እንዴት አይደባለቅም? ካይሮ ይኖር የነበረው የብርሃን ሊቅ ኢብን አል ሀይሰም ከ1 ሺህ ዓመት በፊት መብራቶች ደርድሮ ፈትኖታል፦ አንዱን መብራት ሲጋርደው የእሱ ብርሃን ብቻ ከግድግዳው ጠፋ፣ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። በሁለት ሻማ ሞክሩት።

ባለቤቴ ጎረቤታችን ተዘቅዝቃ ልብስ ስታሰጣ ነጠላው ላይ አየቻትና እስኪበቃት ሳቀች። ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። "መስኮቱ ይህን ካሳየህ፣ ያኛው ታዲያ ምን ያደርግልሃል?"