«ሁሉም ሌባ ነው» ብሎ ከመተው፦ የመንግስትን ብር እንዴት እንከታተል

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እየተባለ ያደግን ሰዎች ነን፣ ስለዚህ ስለ በጀት ሲወራ ቻናል የሚቀይረው ሰው ላይ አልፈርድም። ግን «ባክህ ሁሉም ሌባ ነው» የሚለው ወሬ ከማንም በላይ የሚመቸው ለሚበላው ሰውዬ ነው፣ ሁሉም ሌባ ከተባለ እሱ ለብቻው አይጠየቅማ! በደሞዙ ብቻ የሚኖረው ምስኪን ሂሳብ ሰራተኛም አብሮ ይሰደባል። ስለዚህ አንድ መስሪያ ቤት ወይ አንድ ፕሮጀክት መርጣችሁ እሱን ብቻ ተከታተሉ፣ ሁሉንም ልከታተል ያለ ሰው በሳምንቱ ደክሞት ይተወዋል።

መጀመሪያ ትልልቁ ቁጥር አያስደንግጣችሁ። የፌዴራል በጀት ለ2017 ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፣ ለ2018 ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ። ይሄን አይቶ «በአንድ ዓመት እጥፍ! ሊበሉት ነው» ያለ ሰው ብዙ ነው፣ ግን በመሃል ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቆ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በባንክ 100 ብርን አልፏል፣ ስለዚህ በዶላር የሚከፈለው ሁሉ በብር ሲሰላ ጨምሯል፣ 2017 ራሱ መሃል ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ተጨማሪ በጀት ጸድቆለታል። ቁጥሩን ከመሳደባችን በፊት ይሄን ማወቅ አለብን፣ አለበለዚያ መልስ የሚሰጠን ባለስልጣን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዝም ያሰኘናል።

ዋናው መሳሪያችሁ የኦዲት ሪፖርት ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለፓርላማ ሪፖርት ያቀርባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱ ሊያልቅ አካባቢ ነው፣ የሚያወራው ደግሞ ስላለፈው በጀት ዓመት ነው። የክልል ወይ የአዲስ አበባ ጉዳይ ከሆነ የራሳቸው ዋና ኦዲተር አላቸው፣ ወደዛ ሂዱ፣ የወረዳችሁን መንገድ ፌዴራል ሪፖርት ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ሪፖርቱን ስታነቡ ቃላቶቹን ለዩ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ያልተወራረደ ተሰብሳቢ» ሲባል ገንዘቡ ለሰራተኛ ወይ ለኮንትራክተር በቅድሚያ ወጥቶ እስካሁን በማስረጃ ሂሳቡ አልተዘጋም ወይ አልተመለሰም ማለት ነው፣ ተሰርቋል ማለት ላይሆን ይችላል፣ ግን ለዓመታት እዛው ከተቀመጠ በጣም ያሳስባል። «ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ» ከዛ የከፋ ነው፣ ብሩ ወጥቷል፣ ለምን እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት የለም። «የጥሬ ገንዘብ ጉድለት» ካዝናው ተቆጥሮ ጎደለ ማለት ነው፣ እዚህ ላይ ሰው በስም መጠየቅ አለበት። «ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ» የሚለውን ደግሞ የወረቀት ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ኅዳር 2011 ላይ የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ህግ ሜቴክ (የመንግስት የነበረው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን) ያለ ጨረታ ፈጽሞታል ብለው በቲቪ የነገሩን የውጭ ግዥ 37 ቢሊዮን ብር ነው። እኔ ሁሌም መጀመሪያ የማየው ባለፈው ዓመት የተነገራቸውን ግኝት አስተካክለዋል ወይ የሚለውን ክፍል ነው፣ አንድ መስሪያ ቤት በተመሳሳይ ግኝት ደጋግሞ ስሙ ከተነሳ ነገሩ ስህተት ነው ለማለት ይከብዳል።

ሰፈራችሁ ውስጥ ከሆነ ስራው በጣም ይቀላል። ግንባታው አጥር ላይ የተሰቀለውን ታፔላ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፦ ባለቤቱ፣ ኮንትራክተሩ፣ አማካሪው፣ የውሉ ዋጋ፣ የተጀመረበትና የሚያልቅበት ቀን። ቀኑ ሲያልፍ ድጋሚ አንሱ። አንዳንዴ ታፔላው ይቀየርና አዲስ ቀን ይጻፍበታል፣ ያኔ አሮጌው ፎቶ እጃችሁ ላይ መኖሩ ወርቅ ነው። ወረዳው ግቢ ውስጥም የበጀት መረጃ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ካለ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለመንገድ የተመደበውን ታገኛላችሁ፣ ከሌለ ለምን እንደሌለ ጠይቁ። ግንቦትና ሰኔን በተለይ ልብ በሉ፣ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተነካ ብር ደግሞ ተመላሽ ነው፣ ስለዚህ «በጀቱ ሳይቃጠል» ተብሎ ሆቴል ውስጥ ስልጠና፣ አበል፣ ወንበር ግዥ ምናምን የሚበዛው ያኔ ነው፣ ት/ቤት ጠመኔ አጥሮት እያለ ይሄን ማየት ያማል።

ከዛ በጽሁፍ ጠይቁ። አዋጅ 590/2000 መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፣ መስሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ማመልከቻው ለህዝብ ግንኙነት ክፍል ይገባል። «ስለ ሙስና መረጃ ስጡኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አያገኝም። እንዲህ ጻፉት፦ «በወረዳችን እየተሰራ ላለው የጤና ጣቢያ ግንባታ የተፈረመው ውል ዋጋ፣ እስካሁን የተከፈለው መጠን፣ የጊዜ ማራዘሚያ ተሰጥቶ ከሆነ የተሰጠበት ደብዳቤ ኮፒ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱና የእናንተው ላይ የገቢ ማህተምና ቁጥር አስመቱ፣ ይሄን ካላደረጋችሁ ደብዳቤው «አልደረሰንም» ይባላል። በትህትና ነው የሚገባው፣ መዝገብ ቤት ያለችው እህታችን ብሩን አልወሰደችውም። መልስ ከጠፋ ወይ ከከለከሏችሁ ማህተም ያለበትን ኮፒ ይዛችሁ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ።

እጃችሁ ላይ የወንጀል ምልክት ካለ ግን፣ ማለትም የተቀየረ ደረሰኝ፣ ያልተሰራ ስራ ክፍያ፣ እሱን ፌስቡክ ላይ ስም ጠርታችሁ እንዳትለጥፉት፣ በስም ማጥፋት እናንተው ልትከሰሱ ትችላላችሁ፣ ሰውየውም ማስረጃውን ለማጥፋት ጊዜ ያገኛል። ምርመራ የፖሊስ ስራ ነው፣ ጸረ ሙስና ኮሚሽን ደግሞ ጥቆማ ይቀበላል፣ በተለይ የጨረታው ውል ሳይፈረም ከደረሰለት ማስቆም የሚቻልበት እድል አለ፣ ብሩ ከወጣ በኋላ ማስመለስ ዓመታት ይፈጃል። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 አለ፣ ስትጠቁሙ ማንነታችሁ እንዲደበቅ በግልጽ ጠይቁ። ዋናውን ወረቀት አትስጡ፣ ኮፒ ስጡ። እዛው መስሪያ ቤት የምትሰሩ ከሆናችሁ ደግሞ ከቢሮ ኮምፒውተር ምንም አትላኩ፣ ማን ምን እንደከፈተ ሊታይ ይችላል፣ ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን ጥቆማው ገብቶ ቁጥር እስክታገኙ ድረስ አታውሩት።