ቁልፍ መቆለፍና ኳስ መያዝ የሚያስቸግረው ልጅ፦ ምን ይደረግ?

ብርጭቆ ይደፋል። የሸሚዙን ቁልፍ ቆልፎ እስኪጨርስ ሌላው ልጅ ለብሶ ወጥቷል። ኳስ ሲወረወርለት እጁን የሚዘረጋው ካለፈው በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ «ዝርክርክ» ወይም «ሰነፍ» ይባላል፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። አለመቀላጠፉ ከዕድሜው ጋር የማይሄድና የዕለት ኑሮውን ወይም ትምህርቱን የሚያውክ ከሆነ፣ ከእድገት ጋር የተያያዘ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ሊሆን ይችላል። ለትምህርት ከደረሱ ልጆች ከ5 እስከ 6 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። የሚከብደው አንጎል እንቅስቃሴን አስቀድሞ ማቀዱና እየሠራ ማረሙ ነው። ያለጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ በብዛት ይታያል።

ልጆች የሚያድጉበት ፍጥነት ስለሚለያይ ከ5 ዓመት በፊት አብዛኛውን ጊዜ ስም አይሰጠውም። አንዳንድ ምልክቶች ግን ቀጠሮ አይጠብቁም፦ ይችለው የነበረውን ማጣት፣ የአንድ ጎን መድከም፣ ከወለል ሲነሣ በእጆቹ ጭኑን እየተደገፈ መውጣት። እነዚህ የነርቭ ወይም የጡንቻ በሽታ ሊሆኑ ስለሚችሉ ቶሎ ሐኪም ይያቸው። የዓይን ምርመራም አይታለፍ።

ልጁን ለዚህ የቅንጅት ችግር ከማስመርመራችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ያያችሁትን ጻፉ። «ብዙ ይወድቃል» ማለት ለመርማሪው ብዙም አይነግረውም፤ «8 ዓመቱ ነው፣ የጫማውን ክር ማሰር አልቻለም፣ ደረጃ ሲወርድ መደገፊያ ይይዛል» ግን ይጠቅመዋል። ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ አብሮት ካለ እሱንም ጨምሩ፤ ሁለቱ ችግሮች ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ላይ ይገናኛሉ።

ለዚህ ችግር የሚዋጥ መድኃኒት የለም። የሚሠራው ያቃተውን ነገር ራሱን ማለማመድ ነው። ሚዛን መጠበቂያ ስፖርት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቁልፍ መቆለፍ አያስተምርም።

ቁልፍን ከመጨረሻው ጀምሩ። ልብሱ ገላው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፣ ቁልፎቹም ትልልቅ ይሁኑ። በመጀመሪያ ቁልፉን እናንተ እስከ ግማሽ አሳልፉና እሱ ስቦ ይጨርሰው። ያለ እርዳታ ሲሳካለት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፦ አሁን ገፍቶ የሚያሳልፈው እሱ ነው። ከዚያ ቀዳዳውን ይከፍታል፣ በመጨረሻም ለብሶት ይሞክራል። በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ ከሚደረግ አንድ ሰዓት ይሻላል።

ልምምዱ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በጠዋት ጥድፊያ ነው፤ ሲቻኮል እጁ ይበልጥ ይተሳሰራል፣ እናንተም ትቆልፉለታላችሁ። ስለዚህ ማታ አለማምዱት። ሲስት መፍትሔውን ከመንገር «የትኛው ጣት ነው የለቀቀው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ስህተቱን ራሱ ያገኘ ልጅ ሌላ ልብስ ላይም ዘዴውን ይጠቀምበታል።

ክፍል ውስጥ እግሩ ወለል ይርገጥ፣ ጠረጴዛው በክርኑ ከፍታ ይሁን። የሚያውቀውን በቃል እንዲመልስ ወይም ለጽሑፍ ተጨማሪ ጊዜ እንዲያገኝ ከመምህሩ ጋር ተነጋገሩ፤ አለዚያ የሚታረመው እውቀቱ ሳይሆን የእጅ ጽሑፉ ይሆናል።