የቆመ የጀልባ ሞተር ገመዱ አልሳብ ካላችሁ

ጣና ላይም ሆነ ሐዋሳ፣ ወራት ቆሞ የከረመ ትንሽ የጀልባ ሞተር ማስነሻ ገመዱ አልሳብ ካለ በጉልበት አትታገሉት። መጀመሪያ ማርሹን እዩ። ብዙዎቹ ማርሽ ውስጥ ከሆኑ ገመዱ እንዳይሳብ ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

ማርሹ ነፃ ሆኖም ካልተንቀሳቀሰ ካንዴላውን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍቱት። ያኔ ከተሳበ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ወይም ቤንዚን ተጠራቅሟል ማለት ነው። ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑን ያግደዋል። ቀስ እያላችሁ ሳቡት፣ ይወጣል። ቀዳዳው ፊት ለፊት ግን አትቁሙ፤ አደራ፣ አካባቢው እሳት አይኑር።

አሁንም ድርቅ ካለ፣ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሩና አሳድሩት። ዘይቱ የተጣበቀውን የፒስተን ቀለበት ያላቅቃል። ጠዋት ለስለስ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ሞተሩ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ከነበረ ግን በቀጥታ ወደ መካኒክ ውሰዱት።