ስለ ኢንተርኔት መብታችን ስናስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«እኔ ምን የምደብቀው አለኝና?» ማለት። ጉዳቱ በተናጋሪው ብቻ ቢያበቃ ባልተከራከርኩ። አንድ አፕ የስልክ ማውጫችሁን እንዲያይ ስትፈቅዱ የእናታችሁንም የሐኪማችሁንም ቁጥር አብራችሁ ሰጣችሁ። እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈነዳው የፖለቲካ አማካሪው ኩባንያ የካምብሪጅ አናሊቲካ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ፌስቡክ ላይ የስብዕና መጠይቅ የሞሉት 270,000 ገደማ ሰዎች ነበሩ። በጓደኝነት ሰንሰለት መረጃቸው የተወሰደባቸው ግን እስከ 87 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ፌስቡክ ራሱ ተናግሯል።

«አልቀበልም» የሚለውን ቁልፍ ማመን። ስልክን እንደ እጅ ባትሪ የሚያበራ አንድ አፕ ነበር። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባቀረበው ክስ መሠረት፣ ተጠቃሚው ያለበትን ቦታ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያቀብል ነበር። መጀመሪያ ሲከፈት ትቀበላላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልስ ሳትሰጡ ግን መረጃው መሄድ ጀምሯል። ለመሆኑ መብራት ለማብራት የት እንዳለሁ ማወቅ ምን ያደርግለታል? የስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ለየትኛው አፕ ምን እንደፈቀዳችሁ እዩ። የማያስፈልገውን አጥፉት።

ኢንኮግኒቶ (የብራውዘሩ የግል መስኮት) ይሸፍነኛል ማለት። አይሸፍንም። የጎበኛችኋቸው ገጾች ታሪክ የሚጠፋው ከራሳችሁ ስልክ ላይ ብቻ ነው።

ለተጠቃሚው ቆሜያለሁ ያለውን ኩባንያ ሁሉ ማመን። አፕል አፖች ሰውን ከመከታተላቸው በፊት ፈቃድ እንዲጠይቁ ሊያደርግ ሲል፣ ፌስቡክ በ2020 መጨረሻ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። የቆምኩት ለትንንሽ ነጋዴዎች ነው አለ። ትንንሾቹ ይጎዳሉ ማለቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን የፌስቡክም ገቢ ከሞላ ጎደል ማስታወቂያ ነው። አፕልም ቢሆን ምስጢር ጠባቂ መባሉ ስልክ ይሸጥለታል። ደግሞ ግዙፍ ኩባንያ «ሕግ ይውጣልን» ሲል ጠርጥሩ። እሱ የጠበቃ ሠራዊት አለው፤ ትናንት የተከፈተው ተፎካካሪ የለውም።

«ቁጥጥር» ሲባል ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት። በ2012 የአሜሪካ ኮንግረስ የያዘው ሶፓ የተባለ የቅጂ መብት ረቂቅ ሕግ ሙሉ ድረ ገጾችን ሊያዘጋ የሚችል ነበር። እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለ24 ሰዓት ጨልሞ ተቃወመ፤ ረቂቁም ቀረ። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ግን የሚይዘው መረጃ ሰብሳቢውን ነው። ቅጣቱ ከዓመታዊ ሽያጩ እስከ 4 በመቶ ይደርሳል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2023 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጥቶበታል። በዚህ ሕግ ሥር ያለ ሰው አንድን ድርጅት «ስለ እኔ ምን ይዘሃል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ድርጅቱም በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት።